ጉሬዛ በስሙኒ

ባለፈው ሰኔ ለዘመድ ተዝካር ወረታ ሄጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም እንደገባሁ ዝናቡ ያዘኝ። እንደ ልጅ መሮጥ ቀርቷልና ኩስ ኩስ እያልሁ ከታዛው ሥር ተጠጋሁ። አንዲት ልጅ እግር እናት ሕፃን አዝላ ቀድማኝ ቆማለች። ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ።

"ቆርቆሮ ነው የኔ ዓለም፣ ምንም አይደል፣ ቆርቆሮ ነው" እያለች ታባብለዋለች።

"ጉሬዛ ናት" አልሁ፣ ሳላስበው።

ዞር ብላ አየችኝ። የአሮጊት ነገር ብላ መሰለኝ፣ ፈገግ አለችና ልጇን ማባበሏን ቀጠለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ዝናቡን አልሰማሁም። ከአጥሩ ማዶ ባጃጅ ይንጫጫል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ነው። በእኔ ልጅነት በፎገራ ሩዝ የሚባል አናውቅም ነበር። ጤፍ፣ ጓያና ሽምብራ ነበር የሚዘራው፤ የቀረው ሣር፣ ውሃና ከብት ነው።

ያሳደጉን የእናቴ አባት ናቸው፤ አባባ እንላቸው ነበር። አባቴ ታናሽ ወንድሜ አስማረ ሳይወለድ በንዳድ ሞቶ፣ እናቴ እኔን በእጇ እሱን በሆዷ ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አባባ ገበሬ ናቸው፤ ስማቸው የሚነሳው ግን በወረታ የከብት ገበያ ነው። ደላላ የሚላቸው ሰው ቢኖር ከዘራቸውን ያነሱበት ነበር። ሻጭና ገዢ አልገናኝ ሲሉ መካከል ገብተው ዋጋ የሚቆርጡ ሽማግሌ ነበሩ እንጂ። እሳቸው የቆረጡት ዋጋ አይፈርስም ይባል ነበር። ለዚህ የሚያገኙት አንድ ዋንጫ ጠላና ምስጋና ነው፤ እሱም ይበቃቸዋል።

በገበያ ቀን እኔን አስከትለው ይሄዳሉ። አቧራውና የከብቱ ሽንት አፍንጫዬን እየሰነፈጠኝ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ሥራቸውን አያለሁ። ሻጩን በአንድ አፍ ብዙ ቀንስ አይሉትም። "ለኔ ስትል አንዲት ብር ብቻ ቀንስለት" ይላሉ። ሰውየው ሽማግሌ አፍሮ እሺ ይላል። አባባ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሣር፣ ስለ ሰውየው አባት ደግነት ሲያወሩ ይቆዩና "እንግዲያማ ሌላ አንዲት ብር ደግሞ ቀንስለት" ይላሉ። ሰውየው እየሳቀ ይቀንሳል። ስንመለስ እኔን ያስተምሩኛል።

"ልጄ፣ ብዙ የጠየቀ እንቢ ይባላል። መጀመሪያ ትንሽ ጠይቀሽ እሺ አሰኝ። አንዴ እሺ ያለ ሰው ሁለተኛውን አይከለክልም።"

ይህን በእናቴ ላይ ሞክሬዋለሁ። አንድ ጉርሻ ቂንጬ ለምኜ እሺ አለችኝ፤ ሁለተኛውን ስለምን ግን በማማሰያ እጄን መታችኝ። ለአባባ ብነግራቸው "እናትሽማ የኔ ልጅ ናት፣ ዘዴውን ታውቀዋለች" ብለው ሳቁ።

ጉሬዛ የአባባ ላም ነች። እንደ ዱሩ ጦጣ እንደ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ስለሆነች ነው ስሟ። ሰፊ ሆድ፣ አጭር ቀንድ፣ ሲያልቧት የማትራገጥ የፎገራ ላም። አስማረ ከእናቴ ጡት ይልቅ በእሷ ወተት አደገ ማለት ይቻላል። ጠዋት ጠዋት ቅሉን ይዞ ከእግሯ ሥር ይቆማል፣ እሷም ዞራ ራሱን ትልሰዋለች። ከቤታችን አባባን "አንተ" የሚላቸው እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሁሉ እርስዎ ይላቸዋል።

በዚያ ዓመት ኅዳር፣ ውሃው ከሜዳው እየሸሸ ቢምቢው ሲነሳ፣ አስማረን ንዳድ ያዘው። አምስት ዓመቱ ነበር። የወባውን ክኒን ዋጠ፣ ጠበልም ተረጨ፤ አንድ ቀን ይነሳል፣ ሁለት ቀን ይወድቃል። ታኅሣሥ ሲገባ እጁ እንደ ቃጫ ቀጠነ። እናቴ በሌሊት አፍንጫው ላይ እጇን እያደረገች ትንፋሹን ትሰማለች።

የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት አባባ እኔን አስከትለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ያኔ ጣሪያው ሣር ነበር፤ ክረምት አልፎበት አንድ ወገኑ ተልጧል። ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ግንባራቸውን ከበሩ መቃን ላይ አድርገው፣ ለገበያ ሻጭ በሚናገሩበት ድምፅ እንዲህ አሉ።

"ቅዱስ ሚካኤል፣ ብዙ አልጠይቅህም። ታቦትህ ለጥምቀት ወርዶ በቃና ዘገሊላ እስኪገባ ድረስ ብቻ ይህን ልጅ አቆይልኝ። ከሰማኸኝ ጉሬዛን ከነገመዷ አመጣልሃለሁ።"

እኔ ሚካኤል ከመጋረጃው ጀርባ ያለ ትልቅ የከብት ነጋዴ ይመስለኝ ነበር። የበጉና የፍየሉ ስለት ሁሉ ወደሱ ሲሄድ አያለሁ፤ ነጋዴ ካልሆነ ምን ያደርግለታል? መልሱን ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ።

"አባባ፣ እሺ አሉ?" አልኋቸው ስንወጣ።

"ዝም ብሏል። ሻጭ ዝም ካለ አልጠላም ማለት ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሁለተኛውን እንጠይቃለን" አሉና እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

እሺ ብሎ ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ ትኩሳቱ ለቀቀው። ጥር ሲገባ አስማረ በእግሩ ከበረት ደርሶ ከጉሬዛ ጋር ተገናኘ፤ እናቴ ከኋላው ቆማ አለቀሰች። የጥምቀት ለት ደክሞት ከቤት ዋለ። በማግስቱ ለቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት ሲገባ፣ አባባ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠውት ወጣን። አንድ አንጓ ሸንኮራ ገዝተውለት ከላይ ሆኖ ይመጠምጣል፤ የሸንኮራው ውሃ በአባባ ራስ ላይ ይንጠባጠባል። ጥላው፣ እልልታው፣ አቧራው፤ እሱ ግን ከዚህ ሁሉ የአባባ ፀጉር ነው የገረመው።

"አባባ፣ ፀጉርህ ለምንድነው ነጭ የሆነ?"

"ስላረጀሁ ነዋ።"

"የኔም ነጭ ይሆናል?"

"ይሆናል እንጂ! ምን ጠፍቶ!"

ያን ለት ማታ አባባ ከዘራቸውን አንስተው ተመልሰው ሊወጡ ሲሉ እናቴ ከበሩ ላይ ቆመች።

"ወዴት ነው አባባ?"

"ከሚካኤል ዘንድ ጉዳይ አለኝ።"

"ቀኑን ሙሉ ልጅ ተሸክመው ደክመዋል። ታቦቱም ደክሞ ገብቷል፣ ይረፍበት። ነገ ይሄዳሉ።"

አባባ ከዘራውን አስቀመጡና ሳቁ። "እውነትሽን ነው። ገና ከመንገድ የገባን ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቁትም" አሉ።

ሌሊቱን አስማረ እሳት ሆኖ አደረ። አባባ ከጎኑ መነሳት አቃታቸው፤ እጃቸውን ጨብጦ አልለቅም አለ። በሦስተኛው ቀን ከብት ሲወጣ ሞተ። እናቴ ያሰማችውን ጩኸት አልጽፈውም። አባባ አላለቀሱም። ሰው ሁሉ ይህን ታዘበ። የሸንኮራው ውሃ የደረቀበትን ራሳቸውንም እስከ ሰባቱ ድረስ ውሃ አላስነኩትም። እኔ ደግሞ በልጅ ልቤ፣ ሁለተኛውን ዋጋ ሳንጠይቅ በማደራችን ሌላ ገዢ ቀደመን ብዬ አሰብሁ።

አርባው እንዳለፈ አባባ ጉሬዛን ከበረት ፈቱ። እናቴ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ገመዱን ያዘችባቸው።

"ምን ሊያደርጓት ነው?"

"የሚካኤል ናት።"

"ልጄን ወስዶ? ልጄን ወስዶ ላሚቱንም? የምን ስለት ነው አባባ፣ ልጁ የት አለ?"

"የለመንሁትን ሰጥቶኛል፣ ልጄ" አሉ አባባ። "ገመዱን ልቀቂ።"

እናቴ ለቀቀች። ጉሬዛ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ድረስ እየዞረች ታየን ነበር።

የስለት ከብት በጨረታ ነው የሚሸጠው፤ ሁሌም እንደዚያ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከጎንደር የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪ አዲስ ሐሳብ አመጣ። በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ስለ ጣሪያው ሲመክሩ ተነሣና፣ "ላሚቱን በጨረታ ብትሸጧት ግማሹን ጣሪያ እንኳ አታለብስም። ዕጣ ሽጡባት። ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ይክፈል፣ ዕጣ የወጣለት ላሚቱን ይውሰድ። ሣሩን አውርዳችሁ ቆርቆሮ ታለብሳላችሁ" አለ።

ገበዙ መምሬ ካሳ ፊታቸውን አጨፈገጉ። "በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉት ጭፍሮቹ ናቸው። እኛም እንድገመው ትላለህ?"

"ማትያስም ሐዋርያ የሆነው በዕጣ ነው፣ አባቴ።"

መምሬ ካሳ አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሳቁ። "ይህ ልጅ ጭራሽ ባዶ አይደለም" አሉና ዕጣው ተፈቀደ። ክርክሩ የመጣው በዋጋው ነው። አንድ የጨው ነጋዴ ዕጣው ብር ይሁን አለ።

"ብር የሚከፍልማ ሌላ አሥር ላም ያለው ነው!" አለ አንድ ገበሬ። "አሥር ሳንቲም አድርጉት።"

"በአሥር ሳንቲም ቆርቆሮ ቀርቶ ምስማሩም አይገዛም።"

"ሽልንግ ይሁን፣ ሃምሳ ሳንቲም" አለ አስተማሪው።

"ሽልንግ ለኔ የወር ጨው ነው" አለች ከሴቶቹ መካከል አንዷ፣ ማን እንደሆነች ሳትታይ።

ሲጯጯሁ ቆይተው ሁሉም ወደ አባባ ዞሩ። "ምን ያከራክረናል? ዋጋ ቆራጩ ከዚህ ተቀምጠው የለም ወይ! ይቁረጡልን እንጂ።"

አባባ ከአስማረ ሞት ወዲህ ገበያ ረግጠው አያውቁም። መሬቱን በከዘራቸው ሲጭሩ ቆዩና ቀና አሉ። "እኔ ዋጋ መቁረጥ ትቻለሁ" አሉ። ተነሡና ሄዱ። መምሬ ካሳም፣ "እንግዲያ የሽልንጉ ግማሽ፣ ስሙኒ ይሁን። አንድ ስሙኒ ያላት መበለትም እጇን ትስደድ" ብለው ጉባኤውን በጸሎት ዘጉ።

እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ የጉሬዛ ዋጋ ስሙኒ ሆነ። ዕጣ የሚሉት ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ሰዎቹ ሁሉ የተጨቃጨቁት በጉሬዛ ዋጋ መሰለኝ። እየሮጥሁ ምስር ከምትለቅመው እናቴ ዘንድ ደረስሁ።

"ጉሬዛን በስሙኒ ሊሸጧት ነው!"

"በስሙኒም በነፃም ከሄደች ሄዳለች" አለች፣ ቀና ሳትል።

ስሙኒ ማግኘት ነበረብኝ። ያኔ ሽምብራው ታጭዶ አልቆ ነበር። በታጨደው ማሳ እየዞርሁ ቃርሚያ ለቀምሁ። የፎገራ መሬት በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ሽምብራው ከስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ እጄን እስከ ክንዴ እየሰደድሁ አወጣዋለሁ። እባብ ይኖራል ብለው ያስፈራሩኛል፤ እፈራለሁ፣ ግን እሰዳለሁ። ያወጣሁትን ለአንዲት ቆሎ ሻጭ በጣሳ እየሰፈርሁ እሰጣለሁ፤ እሷም ሳንቲሟን እያሻሸች ትሰጠኛለች። አንድ ቀን አባባ ሳንቲሞቹን ከቀሚሴ ጫፍ ስቋጥር አዩኝ።

"ምን ልታደርጊበት ነው?"

"ለሚካኤል" አልሁ። ውሸት አልነበረም።

ለአስማረ ጧፍ ላበራ መስሏቸው ነው፤ ራሴን ዳሰሱኝና ወጡ።

ፋሲካ ሲያልፍ ስሙኒው ሞላ። አስተማሪው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የደብሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ቆርጦ ይሸጣል። ቁጥር ማንበብ የማይችለው ገበሬ ግን "ቁጥሩ የኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" ብሎ አስቸገረው። ኋላ በሀገሬው ዕጣ ልማድ ተስማሙ። እያንዳንዱ ከወረቀቱ ግማሽ ጋር የራሱን ምልክት ይጠቀልላል፤ አንዱ የኑግ ፍሬ፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የዶሮ ላባ። እኔ ከጉሬዛ ጭራ ፀጉር ነጭቼ ነበር፤ እሱን ሰጠሁ።

"አሁን ልውሰዳት?" አልሁት።

"ለግንቦት ሚካኤል ነው። ዕጣሽ ከወጣ ትወስጃለሽ።"

እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ልጠይቃት ሄድሁ። ጉሬዛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ታስራለች። ሲመሽ ወደ ቤታችን አቅጣጫ እየዞረች ትጮኻለች፤ ድምፅዋ ከቤታችን ይደርሳል፣ እናቴም ተነሥታ በሩን ትዘጋለች። እኔ ጆሮዋ ሥር እየተጠጋሁ "ዝም በይ፣ ስሙኒሽን ከፍያለሁ" እላታለሁ። ለመውሰጃዋ ገመድ ከቃጫ ገመድሁ። ገመዱ ወፍራምና ቀጭን፣ የልጅ ሥራ ነበር።

የግንቦት ሚካኤል ዕለት ገመዴን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። አባባ መንገድ ላይ አዩኝ። ገመዱን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን አዩ። ያን ጊዜ ነው የገባቸው። "አይ ልጄ..." አሉና እጄን ያዙኝ።

ዓይኑን በመቀነት የታሰረ ትንሽ ዲያቆን ከእንቅቡ ውስጥ አንድ ጥቅልል አነሣ። መምሬ ካሳ ሲፈቱት የጥይት ቀለህ ዱብ አለ። "የኔ ነው!" አለ አንድ ጠና ያለ ሰው፤ ከአንበሳሜ ለገበያ የመጣ ነው። ሰው እልል አለ፣ ሰውየው እየሳቀ ወደ ላሚቱ ሄደ። እኔ ግን ቀድሜው ደርሼ አንገቷን አቅፌ ነበር።

"የኔ ናት! ስሙኒ ከፍዬባታለሁ!"

ሳቁብኝ። ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም። ኋላ አንዱ "የሟቹ ልጅ እኅት ናት" አለ መሰለኝ። የአንበሳሜው ሰውዬ ገመዴን አየና ከፊቴ ተንበረከከ። ከዚያ ተነሥቶ ለአባባ እጅ ነሣ።

"አባቴ፣ ስምዎን አንበሳሜ ድረስ ሰምቻለሁ። እኔ ላም አላጣሁም። ለዚች ልጅ ስል እለቃታለሁ። ዋጋዋን እርስዎ ይጥሩ፤ የጠሩትን እቀበላለሁ።"

እናቴ ከሴቶቹ ተነጥላ ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣች። ዓይኗ አባባ አፍ ላይ ነበር። አባባም አፋቸውን ከፈቱ፤ ዋጋ ሲጠሩ እንደሚያደርጉት አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ።

"ይባርክህ" አሉ። "ለሚካኤል የሰጠሁትን አልመልስም። ዋጋም አልጠራም። እኔ ዋጋ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ልጄ። ሚካኤልን ታቦትህ እስኪገባ ብቻ ልጁን አቆይልኝ አልሁት። አቆየልኝ፤ አንዲት ቀን አላጎደለብኝም። ትንሽ ጠይቄ እሺ ላሰኘው፣ ሁለተኛውን ኋላ ልጠይቅ ብዬ... የከብት ገበያ መስሎኝ! እስከ ሽበቱ ብዬ ብለምነው ማን ከለከለኝ? እስከ ሽበቱ ብለው ምን ይጎድልበት ነበር?"

በልጁ ቀብር ያላለቀሱት ሽማግሌ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሴት ጮኸው አለቀሱ። እናቴ መጥታ ያዘቻቸው። ከጥር ወዲህ አባቷን ስትነካ ያየሁት ያኔ ነው። ሲበርድላቸው ገመዱን ከትከሻዬ አወረዱ፣ በገዛ እጃቸው ከጉሬዛ ቀንድ ላይ አሰሩና ጫፉን ለሰውየው ሰጡት። "ገመዱ የልጅቱ ነው፣ አትጣለው" አሉት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። አቧራው እስኪሸፍናቸው ድረስ ቆመን አየናቸው።

ቆርቆሮው በጭነት መኪና ከጎንደር መጣ፤ ክረምቱ ሳይጠና ጣሪያው ለበሰ። የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ እየወረደ፣ አባባ እኔን ይዘው ከዚያው መቃን ፊት ቆሙ። ቆርቆሮው ከላይ እያስገመገመ ስለሆነ ጮክ ብለው ነበር የተናገሩት።

"ይህችን ግን እስከ ሽበቷ።"

ሌላ አልጨመሩም። የሚሰጡትን እስኪናገሩ ጠበቅሁ፤ በሬ ይሆን በግ።

"አባባ፣ ምን ልስጥህ አሏቸው?"

"ምንም አላልሁ" አሉ። "ዋጋ አልጠራሁም።"

በታዛው ሥር ዝናቡ ቀለል ሲል ከጎኔ ሕፃኑን አዝላ የቆመችው ልጅ "እማማ፣ ነጠላዎ እኮ ረጠበ" አለችኝ። ከራሴ አውርጄ ጨመቅሁት። ሕፃኑ ማልቀሱን ትቶ ከእናቱ ጀርባ ላይ ተንጠራርቶ ፀጉሬን በጭብጡ ያዘና ሳበው። አንድም ጥቁር የለበትም። እናቱ ደንግጣ "ተው!" አለችው።

"ተይው" አልኋት። ጣቶቹን ሳላላቅቅ ወደ በሩ ዞርሁ፤ ከውስጥ ላለው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ለሽበት ያብቃህ" አልሁት።